ዚንክና ውሃ፤ የባትሪ ድንጋይ ታሪክ

ሰው ዘወትር በእጁ የሚይዘውን ዕቃ ምንነቱን ሳይመረምር ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል። እንደዚህ ካሉት ዕቃዎች አንዱ የባትሪ ድንጋይ ነው። በሌሊት መንገድ የሚያሳየው የእጅ ባትሪ የሚበራው፣ ከሩቅ አገር ወሬ የሚያመጣውም ራዲዮ የሚናገረው በዚሁ ድንጋይ ኃይል መሆኑን የገጠሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ድንጋዩም ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ብርታት እንዲያገኝ ያደርጋል። ነገር ግን ስሙ ድንጋይ ይሁን እንጂ ጠባዩ የድንጋይ አይደለም፤ ደረቅ ባትሪ ይባል እንጂ ውስጡ ደረቅ አይደለም። በተራው የባትሪ ድንጋይ ቅርፊቱ ዚንክ የሚባል ማዕድን ነው፤ በቅርፊቱም ውስጥ ያለው በጨው ውሃ የራሰ ጥቁር ዱቄት ነው። ዚንኩ ያለ ውሃው፣ ውሃውም ያለ ዚንኩ አንዲት አምፑል እንኳ ማብራት አይችሉም።

ስለ ባትሪ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የማዕድኖች ታሪክ ነው፤ ይህ ከዚንክ፣ ያ ከእርሳስ፣ ሌላው ከሊቲየም ተሠራ ይባላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንሻው ሌላውን ወገን ነው። የዚንክን ባትሪ ከመጀመሪያው እስከ ዘመናችን ብንመለከተው፣ ዚንኩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያው ዚንክ ሆኖ ሲኖር፣ ይበልጡን እየተመረመረና እየተለወጠ የመጣው በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለው ውሃ ነው። ይህን ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍ የጨው፣ የአሲድ ወይም የአልካሊ ውሃ ሊቃውንት ኤሌክትሮላይት ይሉታል። ዛሬ ከፀሐይና ከነፋስ የሚገኘውን ኃይል በርካሽና ያለ እሳት አደጋ ለማጠራቀም የዚንክ ባትሪ ይበቃ እንደ ሆነ የሚወስነው አንዱ ዋና ነገር የዚህ ውሃ መሻሻል ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዚንክ ለአገራችን ሰው ባዕድ አይደለም። ከመዳብ ጋር ቀልጦ ሲዋሐድ ናስ ይሆናል፤ በቤታችን ጣራ ላይ ያለው ቆርቆሮም ብረት ሆኖ ሳለ ቶሎ የማይዝገው በላዩ ዚንክ ስለ ተለበጠ ነው። ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው እንደ ልብስ ሸፍኖት ብቻ አይደለም፤ ዝናብና አየር ሲመጡ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ስለሚበላለት ጭምር ነው። ይህ ራሱን አስቀድሞ የመስጠት ጠባይ ለባትሪም መሠረቱ ነው። እያንዳንዱ የዚንክ አቶም ወደ ውሃው ሲሟሟ ሁለት ኤሌክትሮኖች ትቶ ይሄዳል፤ እነዚህም ኤሌክትሮኖች በሽቦ ዞረው ወደ ሌላው ዋልታ ሲጓዙ በመንገዳቸው አምፑል ያበራሉ፣ ደወልም ይደውላሉ።

ነገሩ የተጀመረው በኢጣልያ ነው። በቦሎኛ ከተማ መምህር የነበረው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በሁለት ልዩ ልዩ ማዕድኖች ሲነካ እንደሚንፈራገጥ አይቶ በ1791 ጽሑፍ አወጣ፤ ምክንያቱም በእንስሳው ሰውነት ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው አለ። የፓቪያው መምህር አሌሳንድሮ ቮልታ ግን፣ ምንጩ የሁለቱ ማዕድኖች ልዩነት ነው፤ እግሩ ርጥበት ያለው አስተላላፊ ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩንም ለመቍረጥ እንስሳውን ጨርሶ አስወገደና፣ እንደ ሳንቲም የተቈረጡ የዚንክና የብር ዝርግ ቁራጮችን በየመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ ወይም ካርቶን እያስገባ ደረደረ። ከክምሩም ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አገኘ። ይህንን ማርች 20 ቀን 1800 በለንደን የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለነበረው ለጆሴፍ ባንክስ በደብዳቤ ገለጠ።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ዊልያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል የሚባሉ ሁለት ሰዎች የቮልታን ክምር ሠርተው ሽቦዎቹን በውሃ ውስጥ ቢነክሯቸው ውሃው ወደ ሃይድሮጂንና ወደ ኦክሲጅን ተለያየ። ይህ ለኬሚስትሪ ትምህርት ታላቅ በር ከፈተ። ይሁን እንጂ የባትሪውን ጠላት አብሮ ገለጠ፤ ኤሌክትሪኩን የሚያሻግረው ውሃ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚፈርስ ነገር መሆኑ ታወቀ። ክምሩ ሲሠራ በአንደኛው ማዕድን ላይ የሃይድሮጂን አረፋ እየተሰበሰበ መንገዱን ይዘጋል፤ ኃይሉም ወዲያው ይደክማል። ዚንኩም ክምሩ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ ይበላል። የላይኛው ክብደትም የጨውን ውሃ ከጨርቁ እየጨመቀ ያወጣዋል።

የእነዚህ ችግሮች ሥር በዚንክና በውሃ ጠባይ ውስጥ ያለ ነው። ሊቃውንት ማዕድኖችን ኤሌክትሮን ለመስጠት ባላቸው ዝንባሌ ሲለኩ ሃይድሮጂንን ዜሮ ላይ ያቆማሉ፤ ዚንክም ከዚያ 0.76 ቮልት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህም ማለት ዚንክ ኤሌክትሮኑን በውሃ ውስጥ ላለው ሃይድሮጂን ለመስጠት ዘወትር ያዘነብላል ማለት ነው። በሒሳቡ መሠረት ዚንክ በውሃ ውስጥ በሰላም ሊቀመጥ ባልተገባው ነበር። የሚያድነው፣ ሃይድሮጂን በንጹሕ ዚንክ ገጽ ላይ ለመፈጠር እጅግ የሚዘገይ መሆኑ ብቻ ነው። ብረት ወይም መዳብ የመሰለ ጉድፍ ቢገባበት ግን መዘግየቱ ይቀርና መበላቱ ይፋጠናል። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለዚንክም ይሠራል፤ ኃይሉን የሚያወጣለት ውሃ፣ ቀስ ብሎ የሚያጠፋውም ውሃ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ለዚንኩ የተሰጠ ነበር። በ1830 ግድም እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጀን ዚንኩን በባዜቃ ቢቀባው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እንደማይበላ አሳየ። ይህ ዘዴ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሲያገለግል ኖረ፤ መርዙም የኋላ ኋላ ዕዳ ሆኖ እንደ መጣ ከታች እንገልጻለን። ቀጥሎም በ1834 ማይክል ፋራዴይ፣ በቋንቋ ዐዋቂው በዊልያም ሂዩዌል ምክር፣ ኤሌክትሮላይት፣ ኤሌክትሮድና አዮን የሚባሉትን ቃላት ከግሪክ ቋንቋ አውጥቶ ለዓለም ሰጠ። ስም ከተሰጠው በኋላ ውሃው ራሱን የቻለ የምርመራ ርእስ ሆነ።

በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ መምህር ጆን ፍሬድሪክ ዳንኤል በ1836 ያደረገው ለውጥ ሙሉ በሙሉ የውሃ ለውጥ ነበር። በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ውሃ አኖረ፤ ዚንኩን በአሲድ ውሃ፣ መዳቡንም ሰማያዊ በሆነው በመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ አደረገ። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ነገር ግን አዮኖች እንዲያልፉ መጀመሪያ የበሬ ጉሮሮ፣ በኋላም ያልተለበጠ ሸክላ በመካከላቸው ጋረደ። አዲስ እንስራ ውሃ ሲያዥ ያየ ሁሉ የዚህን ሸክላ ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። በዚህ ዘዴ በመዳቡ ላይ የሚያርፈው ሃይድሮጂን ሳይሆን መዳብ ሆነ፤ አረፋው ቀረ። ባትሪውም 1.1 ቮልት ያህል ሳይዋዥቅ ስለሚሰጥ ለቴሌግራፍ ሥራ ተመረጠ። ነገር ግን ሁለቱ ውሃዎች በጊዜ ብዛት መቀላቀላቸው አልቀረም፤ ጠባቂም ያስፈልጋቸው ነበር።

በ1866 ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ ሁለቱን ውሃ ወደ አንድ መለሰ። አሲዱን ትቶ አሞኒየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው በውሃ አሟሟ፤ በመዳቡም ፈንታ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የተባለ ጥቁር ዱቄት ከከሰል ጋር አደረገ። ይህ ዱቄት ኤሌክትሮኖችን ስለሚቀበል የሃይድሮጂን አረፋ እንዳይበዛ ያደርጋል። ጨዉም እንደ አሲድ ዚንኩን አጥብቆ አይበላም። ስለዚህ ባትሪው ወራት ሙሉ ተቀምጦ በተፈለገ ጊዜ ሊሠራ ቻለ፤ ለቤት ደወልና ለስልክ የተስማማውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ገና በብርጭቆ ማሰሮ የሚቀመጥ ፈሳሽ ስለ ነበረ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ተሸክሞት መሄድ የማይመች ነበር።

ይህን ችግር የፈታው ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ነው። በ1886 በተሰጠው የፈጠራ መብት እንደ ተገለጠው፣ የለክላንሼን ውሃ በጄሶ አወፈረውና ሊጥ አደረገው፤ ዚንኩንም ዋልታ ብቻ ሳይሆን ዕቃውም እንዲሆን አድርጎ ሠራው። ከሊጡም ውስጥ ጥቂት ዚንክ ክሎራይድ ቢጨምርበት ባትሪው በመጋዘን ሲቀመጥ የሚቈይበት ጊዜ ረዘመ። እንግዲህ ደረቅ ባትሪ የተባለው ውሃው ስለ ጠፋ ሳይሆን ውሃው መፍሰስ ስለ ተከለከለ ነው። የእጅ ባትሪና በኪስ የሚያዝ ራዲዮ ሊኖሩ የቻሉት በዚህ የሊጥ ውሃ ነው።

ከሰባ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ካናዳዊው ሉዊስ ኡሪ ውሃውን ወደ ተቃራኒው ጠባይ ወሰደው። ጨዉን ትቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለውን ብርቱ አልካሊ አገባ፤ ዚንኩንም ዱቄት አደረገው። አልካላይን የሚባለው ባትሪ ይህ ነው፤ ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ይቈያል። ሆኖም የዱቄቱ ገጽ ሰፊ ስለ ሆነ እንዳይበላ ባዜቃ ይጨመርበት ነበር። በየቆሻሻ መጣያው የሚከማቸው ባዜቃ ምድርንና ውሃን እንደሚመርዝ ሲታወቅ መንግሥታት ከለከሉት፤ አሜሪካ ሕጉን ያወጣችው በ1996 ነው። ፋብሪካዎችም በባዜቃው ፈንታ ዚንኩን ይበልጥ ማጥራትና ኢንዲየምን የመሳሰሉ ማዕድኖች በጥቂቱ መቀላቀል ጀመሩ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርንላቸው ባትሪዎች ሁሉ አንድ ጊዜ አገልግለው የሚጣሉ ናቸው። የዘመናችን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ በቀን የሰጠችውን ኃይል ለሌሊት ለማኖር ሺህ ጊዜ የሚሞላና ሺህ ጊዜ የሚፈታ ባትሪ ያስፈልጋል። በመኪና ውስጥ ያለው የእርሳስ ባትሪ ከባድ ነው፤ እርሳሱም መርዝ ነው። የሊቲየም ባትሪ ቀላልና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ ጥብቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዚንክ በአንጻሩ ርካሽ ነው፤ ውሃውም አይቃጠልም። አንድ ግራም ዚንክ 820 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። ይህ ከሊቲየም 3,860 እጅግ ያንሳል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲለካ ግን ዚንክ ወደ 5,850፣ ሊቲየም ወደ 2,060 ስለሚይዙ ዚንክ ይበልጣል። ከቤት አጠገብ ለሚቆም ባትሪ ደግሞ ክብደት ያን ያህል አያሳስብም።

ታዲያ አልካላይኑን ባትሪ ለምን እየሞላን አንጠቀምበትም? በብርቱ አልካሊ ውስጥ ዚንክ ሲሟሟ ከሃይድሮክሳይድ ጋር ተጣምሮ ይሄዳል፤ ባትሪው ሲሞላም ወደ ቀድሞ ቦታው እኩል ሆኖ አይመለስም። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ከፍ ያለ ጉብታ ካገኘ ሌላውም ዚንክ ወደዚያው ይሰበሰባል፤ ጉብታው እሾህ፣ እሾሁም ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ መሰል ነገር ይሆናል። ቅርንጫፉ መጋረጃውን በስቶ ወደ ሌላው ዋልታ ሲደርስ ሁለቱ ዋልታዎች ይገናኙና ባትሪው ይሞታል።

መፍትሔውን ፍለጋ እንደገና ወደ ውሃው መመለስ ግድ ሆነ። በ1986 በጃፓን ያማሞቶና ሾጂ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አልካሊውን ትተው የዚንክ ሰልፌት ውሃ ያለው፣ ዚንክንና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድን ያጣመረ፣ ሊሞላ የሚችል ባትሪ አቀረቡ። ይህ ውሃ የአሲድነት ጠባዩ ለስላሳ ነው። ነገሩ ለብዙ ዓመት ሰፊ ትኩረት ሳያገኝ ቈይቶ፣ በ2012 ፌዩ ካንግና የቻይና ባልደረቦቹ ዚንክ አዮን ከአንዱ ዋልታ ወጥቶ በሌላው ዋልታ ክፍተቶች ውስጥ እንደሚገባና እንደሚመለስ ገልጠው የዚንክ አዮን ባትሪ የሚለውን ስም አጠኑለት። ከዚያ ወዲህ ምርመራው በብዙ አገር ተስፋፋ።

ነገር ግን በለስላሳው ውሃ ማንጋኒዙ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየሟሟ ይጠፋ ነበር። በ2016 በአሜሪካ የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጁን ልዩና ባልደረቦቹ በዚንክ ሰልፌቱ ውሃ ላይ አስቀድመው ጥቂት የማንጋኒዝ ሰልፌት ጨመሩበት። ውሃው አስቀድሞ ማንጋኒዝ ካገኘ ከዋልታው የሚወስደው ይቀንሳል። በዚህ ብልሃት ባትሪው 5,000 ጊዜ ተሞልቶና ተፈትቶ ከኃይሉ ከ100 እጅ 92ቱን እንደ ያዘ አስታወቁ። በዚያ ዋልታ ውስጥ የሚገባው ዚንክ ነው፣ ወይስ ከውሃው የሚመጣው የሃይድሮጂን አዮን፣ ወይስ ሁለቱም የሚለው ክርክር ግን በሊቃውንት መካከል እስከ ዛሬ አልተቈረጠም።

የዚንኩ በኩል ችግር ከዚህ ይበልጥ ጥልቅ ነው። ዚንክ አዮን በውሃ ውስጥ ብቻውን አይጓዝም፤ ስድስት የውሃ ሞለኪዩሎች ከበውት ይሄዳሉ። ወደ ዋልታው ደርሶ ማዕድን ሲሆን እነዚህ አጃቢዎች እዚያው ገጽ ላይ ይቀራሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ፈርሰው ሃይድሮጂን ይሆናሉ። ሃይድሮጂኑ ሲወጣ በአካባቢው ያለው ውሃ ወደ አልካሊ ያዘነብላል፤ በዚያን ጊዜ ዚንክ፣ ሰልፌትና ሃይድሮክሳይድ ተዋሕደው የማይጠቅም ነጭ ቅርፊት ይሠራሉ። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ አረፋውና የዚንኩ መበላት ቮልታን የተዋጉት ሁለቱ ጠላቶች ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አልሞቱም።

በ2018 በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቹንሼንግ ዋንግና ባልደረቦቹ አስደናቂ መንገድ አሳዩ። በ1 ኪሎ ውሃ ውስጥ 1 ሞል የዚንክ ጨውና 20 ሞል የሊቲየም ጨው አሟሙ፤ የሊቲየሙ ጨው ብቻ ከ5 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። 1 ኪሎ ውሃ 55.5 ሞል ያህል ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጨው የሚደርሰው ውሃ ሦስት ሞለኪዩል እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት ውሃው ነፃነቱን አጥቶ በጨዉ ታሰረ፤ ዚንኩም ስድስቱን አጃቢዎች አላገኘም። እሾሁም አረፋውም እጅግ ቀነሱ። ሆኖም የሊቲየሙ ጨው ውድ ነው፤ ርካሽ ባትሪ ለመሥራት የተነሣ ሰው በውድ ጨው ቢያበቃ ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል።

ስለዚህ ሌሎች ተመራማሪዎች ርካሹን መንገድ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውን ዚንክ ክሎራይድ እጅግ አብዝተው በውሃ ያሟሟሉ። ሌሎቹ ግሉኮስን የመሰለ ተራ ስኳር በጥቂቱ ይጨምራሉ፤ ስኳሩ ከዚንኩ አጃቢ ውሃ የአንዱን ቦታ ይወስዳል፣ በዋልታውም ገጽ ላይ ተለጥፎ ዚንኩ እኩል እንዲያርፍ ይረዳል። ሌሎችም ውሃውን ከፖሊመር ጋር አዋሕደው እንደ አጥሚት ያወፍሩታል፤ ይህ በእውነቱ ጋስነር በጄሶ ያደረገው ሐሳብ በአዲስ ልብስ መምጣቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ነገር ልናስታውስ ይገባል። ባትሪው በሞላ ቍጥር ከዚንኩ ከ100 እጅ 99ኙ ይመለሳል ቢባል ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ከ100 ዙር በኋላ የሚቀረው 37 እጅ ያህል ብቻ ነው። 99.9 እጅ ቢመለስ እዚያው ለመድረስ 1,000 ዙር ይወስዳል፤ 99.99 ቢሆን ግን ከ1,000 ዙር በኋላ 90 እጅ ይተርፋል። በላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወፍራም ዚንክ ተቀምጦ ከእርሱ ጥቂቱ ብቻ ስለሚሠራ ይህ ጕድለት አይታይም። ጎተራ ሙሉ እህል ያለው ሰው አይጥ የሚበላበትን ቶሎ አያስተውልም። ስለዚህ ብዙ ሺህ ዙር ሠራ የተባለ ባትሪ ሁሉ፣ ዚንኩ ምን ያህል እንደ ነበረና ከእርሱ ምን ያህሉ እንደ ሠራ ሳይጠየቅ ሊመሰገን አይገባም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ከቮልታ እስከ ዛሬ እያንዳንዱ መሻሻል አንድ ችግር ፈቶ ሌላውን አሳይቷል፤ ባዜቃው ዚንኩን አድኖ ምድርን መረዘ፤ አልካሊው ኃይልን አብዝቶ እሾህን አበቀለ፤ ብዙው ጨው እሾሁን አክስሞ ዋጋውን አናረ። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ የፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ የሚገዛ ባለ ሥልጣን የመጀመሪያውን ቀን ብርሃን ሳይሆን የሺኛውን ሌሊት ብርሃን ይጠይቅ። መምህሩም በሎሚ ጭማቂ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ የቆርቆሮ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ነክሮ፣ ቮልቱንና በማዕድኖቹ ላይ የሚሰበሰበውን አረፋ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው። ያቺ ትንሽ አረፋ ታላላቅ ላቦራቶሪዎች ዛሬም የሚታገሏት ናት፤ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነገ ቢታገላት መሣሪያው ውድ ማዕድን ሳይሆን ጨው፣ ውሃና ትዕግሥት ነው።